የሚጠብቀው አለ

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ዘፋኙ» ነው የሚለው። የሰው ማድ ቤት ገብቶ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባው ሲንጋለል፣ ከመፍቻው በፊት የሚያወጣው ድምፁን ነበር። መታጠቢያ ቤት ከሆነማ አይነሳ! ግድግዳው ሴራሚክ ነው፣ ድምፁ ሁለት ሦስት ሆኖ ይመለስለታል። ቧንቧው ተጠግኖ ካለቀ በኋላ «ቆይ፣ ይቺን ጨርስልንና ትሄዳለህ» የሚሉት ደንበኞች ነበሩ። እኔ ደግሞ በቤታችን የፊት ክፍል የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። ድምፄ የቁራ ነው። ራሴን ለመስደብ አይደለም፤ ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው። አብሬው ላንጎራጉር ከሞከርኩ «ቁራዬ፣ በናትሽ ዜማውን አትስበሪብኝ» ይልና አፌን በመዳፉ ይከድነዋል። ተቀይሜው አላውቅም፤ እውነቱን ነዋ።

አምና ጉሮሮው ውስጥ ክፉ ነገር በቀለና በቀዶ ጥገና ወጣለት። የድምፁ አውታርም አብሮ ወጣ። ሐኪሙ «ሕይወትህ ተርፏል፣ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትየው» አለው። ልክ ነው፣ አላየነውም። ግን ከዚያ ወዲህ ሲናገር የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እኔም ከንፈሩን እያየሁ መስማት ለመድኩ። ለመድኩ ስል አብዛኛውን ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ለብቻው ተቀምጧል።

«ሐኪሙስ?» አልኩት።

ከንፈሩ «አለ» አለኝ።

«ምን አለ?»

«አለ።»

«እኮ ምን አለ?»

«አለ!» ግንባሩ ላይ ሥሩ ተገተረ።

«ክፉ ነገር ነው እንዴ የነገረህ? አትደብቀኝ!» ብዬ እንባዬን ልለቀው ስል በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ራሱ ብቅ አለ። ለካ ሰውዬው አለ፣ ውስጥ ነው ያለው፣ ማለቱ ነው! የሚላላውን አለ እና የሚጠብቀውን አለ ከንፈር አይለያቸውም። ፊደሉም ቢሆን አንድ ነው። የሚለያቸው ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ያጣው እሱኑ ነው። ያን ቀን ቤት እስክንደርስ ድረስ ተኮራርፈን ሄድን።

ሰው ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ባሌን «ነበር» ማለት ጀመረ። ልብሱን ሊወስድ የሚመጣው ሁሉ፣ እሱ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጦ የውሃ መክፈቻ እየፈታታ፣ በላዩ ላይ አሻግሮ እኔን ይጠይቀኛል። «እንዴት ነው እሱ? ይተኛል? ይበላል? ወይኔ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነበረው!» ይላሉ። ድዳ እንጂ ደንቆሮ አልሆነ! እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ጎማውን መቀየር ነው። ሥራ የሚጠራውም ቀነሰ፤ ስልክ ደውለው እሱ ስለማያነሳ፣ እኔ ሳነሳ ደግሞ በሐዘን ላይ ያለሁ እየመሰላቸው «ግዴለም፣ አትቸገሩ» ብለው ይዘጋሉ። እኔ መቼ ተቸገርኩ አልኳቸው?

ልጃችን በትዳር ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። በደወለች ቁጥር ከሰላምታዋ ቀጥላ የምትለው አንድ ነው። «አባዬስ? አለ?» ትላለች። እኔ «አለ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው» እላታለሁ፣ እሱ ስልኩን በጥፍሩ ቋ ቋ ያደርገዋል። የአባትና የልጅ ጨዋታ እንግዲህ ይቺ ሆና ቀረች። አንድ ቀን ማርገዟን ነገረችን፣ ቆይታ ደግሞ የምትወለደው ሴት መሆኗን ነገረችን፤ በደስታዋ ብዛት ዘነጋችውና «አባዬ፣ እንግዲህ ዘፈንህን አዘጋጅ!» አለች። ወዲያው ነገሩ ትዝ ሲላት ተቻኩላ ስልኩን ዘጋችው።

ዘፈኑ የራሱ ነው። ልጃችን ሕፃን ሳለች ግድግዳው ውስጥ ያለው አሮጌ ቧንቧ ማታ ማታ ሲያጓራ እየደነገጠች አትተኛም ነበር፤ ያኔ ነው የገጠመላት፦

ተኚ የኔ እመቤት፣ ማንም አይነካሽ፣
ቧንቧውም ዝም አለ፣ በሩም ተዘጋልሽ፣
አባትሽ አለ፣ አለ፣ አባትሽ አለልሽ።

ያ ስልክ ከተዘጋ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ገፋ አደረገው። በክፍተቱ አየሁት። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንደ ድሮው አገጩን ከፍ አድርጎ፣ አፉን ይከፍታል። ትንፋሽ ብቻ። ደግሞ ይሞክራል። «ምን ሆነህ ነው ውሃ የምታፈሰው?» ብዬ ጮህኩበት፤ ውሃም አልተከፈተም ነበር፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

በቀረጻም እንዳንፈልገው፣ ሠላሳ ዓመት ሲዘፍን አንድም ቀን አልቀዳነውም። ሁልጊዜ አጠገባችን ያለን ነገር ማን ይቀዳል?

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። ባሌ የሱቁን ቧንቧ ሊሠራለት ሄዶ እየሮጠ ተመለሰና እጄን ይዞ ጎተተኝ። እርጥብ ሸሚዝ በእጄ እንደያዝኩ ደረስኩ። ጠጋኙ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነች ልጅ እያዘፈነ ነው።

«ሰው አይደለችም እትዬ» አለኝ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ግጥሙን ይጽፉለታል፣ ዜማውን ያሳዩታል፣ ይዘፍንልዎታል። ደግሞ በነፃ ነው።»

በነፃ! ይህን ቃል የፈጠረው ሰው የት እንደሚኖር ባውቅ ሄጄ እነግረው ነበር። ጠጋኙ ለድካሙ ብሎ የሰጠው አሮጌ ኮምፒውተር ቤታችን ገባ። ፕሮግራሙን ለማውረድ ኢሜይል ክፈት ይላል። ኢሜይሉ ስልክ ቁጥር አምጣ ይላል። ስልኩ ቁጥር ይላክልሃል ይላል፣ የተላከው ቁጥር እንደ ቁራ መልእክተኛ በዚያው ቀረ። ሲመጣ ደግሞ «ጊዜው አልፏል» አለን። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ረጅም ነገር ዘረጋና «አንብቤ ተስማምቻለሁ በሉ» አለ፤ ተስማማን። ቤታችንን ሸጠንለት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ወርዶ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ባሌ መፍቻውን አንስቶ ኮምፒውተሩን ሲያየው እኔ ነኝ የያዝኩት።

በመጨረሻ ተከፈተ። ሐምራዊ ፀጉር ያላት ልጅ ሥዕል ብቅ አለች፤ ድምፁ የሷ ነው አሉ። ከሥሯ እንደ ደረጃ የተደረደረ መስመር አለ። ድምፁ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሳጥን ከላይ ታስቀምጣለህ፣ ዝቅ የሚልበት ላይ ከታች፣ ከዚያ በየሳጥኑ ቃሉን ቆራርጠህ በላቲን ፊደል ትጽፋለህ። የባሌ ጆሮ እንዳለ ነው፣ ደህና ነው። አንዷን ሳጥን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ዜማውን ልክ የድሮውን አድርጎ አስቀመጠው። እኔም እንደ ድስት የሚፈላውን ንዴቴን ትቼ፣ ካውያዬን አቁሜ መጣሁ። እሱም ማዘፈኛውን ተጫነው።

«ቴኒ ዬኔ ኤሜቤት፣ ባንባውም ዚም አሌ...»

«አሌ ማን ነው?» አልኩ።

ባሌ አልሳቀም። ልጅቷ ኚ አታውቅም፣ ቧ አታውቅም፤ ዘጋን ዜጋ ትለዋለች። ዜማው ልቅም ያለ ነው፣ ቃሉ ግን አንድ ከንፈሩ የደነዘዘ ሰው የሚያወራው ነው የሚመስለው። አስተውሎት ይሉታል! አስተውሎቱ የት ጋ እንደሆነ አሳዩኝ። ባሌ ፊደል ይቀይራል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል፣ እሷ ዞራ ዞራ «ኤሜቤት» ትላለች። አንድ ሳምንት ውሃ ወቀጣ ሆነ። ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶት ተነሳና ሄዶ ተኛ። በከንፈሩ ያለኝን አልጽፈውም።

ጠጋኙ ዘንድ ተመለስን። «የራስዎን ድምፅ ቢያስተምሩት ነው የሚሻለው» አለ ለባሌ፤ ከዚያ ነገሩ ትዝ ሲለው ጆሮው ድረስ ቀላ። ባሌ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

«እኔ?» አልኩ። «አብዳችኋል? ቁራዋ?»

«ከርስዎ ዜማ አይፈልግም እትዬ። ፊደሉን በአንድ ወጥ ድምፅ ያንብቡለት፣ ዜማውን እሱ ያወጣዋል።»

ፊደል ማንበብ አያቅተኝም፣ ትምህርት ቤት ያልዘለቅሁ አይደለሁ። ጠጋኙ ያዋሰንን ማይክሮፎን ይዤ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባሁ፤ ባሌ በብርድ ልብስ ሸፈነኝ። ማይክሮፎኑ የማይሰማው ነገር የለም! ካውያው ሲተነፍስ ይሰማል፣ ጠፋ። ማቀዝቀዣው ሲያንጎራጉር ይሰማል፣ ተነቀለ፤ ወተቱም ተበላሸ። ማዶ ያለው ብየዳ ቤት ሲጀምር ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በላብ ተነክሬ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እላለሁ፣ ትንሽ ድምፄ ከፍ ካለ ባሌ በሣጥኑ በር ቋ ያደርግብኛል፣ እንደገና። አንዱ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ ገብቶ ማንም ሰው ሳይታየው ከቁም ሣጥን «ቀ፣ ቁ፣ ቂ» ሲሰማ «ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ የገባሁት?» ብሎ ደጅ ድረስ አፈገፈገ። ሱሪውን እስከ ማግሥቱ አልወሰደም።

ሁሉን ቀድቼ ጨረስኩና ስንከፍተው ፕሮግራሙ ባዶ ነው። ምንም የለም! ለካ የየፊደሉን ስም በራሳችን ፊደል ጽፈን ነው ያስቀመጥነው፣ እሱ ደግሞ የሚያየው ላቲን ብቻ ነው። «እሺ» አልን፤ ምን እንላለን። ባሌ አንድ በአንድ ስማቸውን መቀየር ያዘ። ሀን በላቲን ጻፈው፣ ሄደ። ሐ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ይተካ?» አለ። ኀ ላይ ደግሞ «ይተካ?» አለ። ሰ ላይ፣ ዐ ላይ፣ ፀ ላይ፣ «ይተካ? ይተካ?» አለ። ያኔ ገባን። የልጅነቴን ገበታ ከላይ እስከ ታች እንደ ተማርኩት አነበነብኩት እንጂ፣ ሦስቱ ሀ፣ ሁለቱም ሰ በኔ አፍ አንድ መሆናቸውን ማን አሰበው! በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ላንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ተቀቅያለሁ። የምስቅ ይሁን የማለቅስ አላወቅሁም። ባሌ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሳቅ ነበር፣ ድምፅ የለውም እንጂ። ካመመው ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ተጫነው። የራሴ ድምፅ ነው። የኔ የቁራዋ፣ ዜማ አልሰበረ፣ አልተንሻፈፈ፣ «ተኚ የኔ እመቤት» አለ። ካውያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እኔ እንዲህ እዘፍናለሁ? ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ ነው። «ቧንቧውም ዝም አለ» ደህና አለፈ፣ እዚያ ላይ አለ የሚላላው ነው። «አባትሽ» የሚለውን ባሌ አስቀድሞ «አያትሽ» ብሎ ቀይሮታል።

«አያትሽ አለ» አለ ኮምፒውተሩ፣ አላልቶ።

«ምን አለ?» አልኩ ሳላስበው።

የባሌ ዓይን ተገለጠ። ሰላም ያጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ፊደል ስቀዳ የሚጠብቅ የሚባል ፊደል ገበታው ላይ አልነበረማ! ኮምፒውተሩ አያትሽ ተናገረ ነው የሚለው። ምን እንደ ተናገረ አይናገርም። ባሌ ሁለት ለ ጻፈለት፤ «አለለ» እያለ ተንተባተበ። ሳጥኑን አስረዘመው፤ «አ...ለ» ብሎ እንደ ፍየል ጮኸ። «ቁራዬ፣ አጥብቂና በይው» አለኝ በከንፈሩ፣ ተመልሼ ቁም ሣጥን ገባሁ። እኔ ደግሞ ተጠንቅቄ ስለው ይላላል። አ። ለ። እንዲያ በየተራ ስለው ኖሬ አፌ ተበላሸ መሰለኝ። ባሌ ይቆጣል፣ እኔ እቆጣለሁ። ልጃችን በሰላም ተገላግላለች፣ ክርስትና የለ፣ ምን የለ፣ ቅዳሜ ሕፃኗን ይዛ ልትመጣ ነው። እኛ እዚህ አንዲት ቃል ላይ ተገትረናል።

«ተወው!» አልኩት ከሣጥኑ ውስጥ። «ያለሱ ይዘፈን! ተኚ ካላት ትተኛለች፣ ሕፃን ምን ያውቃል?»

በሩን ከፍቶ አየኝ። ከንፈሩን ቀስ አድርጎ፣ እንድረዳው ብሎ፣ «ያቺ ቃል ናት ዘፈኑ» አለኝ። «ሌላው ለማጀብ ነው። አያትሽ አለ ካላልኳት ምን ልላት ነው?» የሚጠብቀውን እንደሚል ለማወቅ በዚያን ጊዜ ከንፈሩን ማየት አላስፈለገኝም። ብርድ ልብሱን መልሼ ራሴ ላይ ጣልኩት።

እንዲያ ስንል ከፊት ክፍሉ የአንድ ደንበኛ ድምፅ መጣ። መጋረጃ እንዳጥብለት የሰጠኝ ሰው ነው፣ አፉ ጠባቂ የለውም።

«እኔ የምለው፣ ያ ዘፋኙ ሰውዬሽ አለ እንዴ እስካሁን? ሞተ ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ።»

የያዘኝን አላውቅም። ያ ሁሉ «ነበር»፣ ያ ሁሉ «ይተካ»፣ የተበላሸው ወተት፣ ሁሉም ባንድ ላይ ወጣ። ብርድ ልብሱን እንደ ተከናነብኩ ከሣጥኑ ወጥቼ «አለ!» አልኩት። «የት ይሄዳል? አለ! ይሄው፣ አለ! ዓይን የለህም?» ሰውዬው መጋረጃውን ታቅፎ ወጣ፤ ደረሰኙንም ረሳው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ባሌ ማዳመጫውን ከጆሮው አላወረደም። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። መለሰና ሰማው፣ ደግሞ መለሰና ሰማው። ከዚያ ያችን ቃል ከንዴቴ መሃል ቆርጦ አወጣት።

«እንዴ፣ እሱን እንዳታደርገው!» አልኩ። «ጩኸት እኮ ነው! ልጅቷን ልታባርራት ነው ወይስ ልታስተኛት?»

አውራ ጣቱን አሳየኝና ሥራውን ቀጠለ። መጀመሪያ በየቦታው ተከላትና «ቧንቧውም ዝም አለ» የሚለውም ጠብቆ ቁጭ አለ፤ ቧንቧ ዝም ብሎ ኖረ እንበል? ያንን ወደ ድሮው መለሰው። የቀረውን ዜማ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ እኔን አላሰማኝም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መኪና ቆመ። ልጃችን ሕፃኗን ደረቷ ላይ ይዛ ገባች፣ ባሏ ሻንጣ እየጎተተ ከኋላ። ካውያዬን አስቀምጬ ተሳምን፣ ሕፃኗን ገልጬ አየሁ፤ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ልጄ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በለመደው አፏ፣

«አባዬስ? አለ?» አለች።

አፌን ከፈትኩ፤ ሁልጊዜ የምመልስላት እኔ ነኛ። ሳልናገር ከውስጠኛው ክፍል ድምፄ መጣ።

«አለ።»

ጠብቆ፣ በንዴት፣ ደግሞ በዜማ። ልጄ አፌን አየች። ወደ ውስጥ አየች። መጋረጃውን ገለጠችው፤ አባቷ ኮምፒውተሩ ፊት እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ፣ አገጩን እንደ ድሮው ከፍ አድርጎ፣ እሷን እያየ ነው።

«አባዬ?» አለችው።

ተጫነው። «አለ።»

ልጄ ሕፃኗን እንዳቀፈች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልቅሶዋን ሲያይ ያቆማል ብዬ ነበር፣ እሱ እቴ! እንባው እየፈሰሰ መጫን ነው። አለ። አለ። አለ።

«በቃ፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩት። «ሰምታሃለች!»